የአይዳ ባላንጣ ድምፅ

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ስለ መጣችሁልኝ አመሰግናለሁ።

«አይዳ» የተባለውን ኦፔራ ያላየ ሰው እንኳን በስም ያውቀዋል፤ በተለይ እኛ። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ በጦርነት ተማርካ በግብፅ ቤተ መንግሥት ገረድ ሆናለች። ጁዜፔ ቬርዲ የደረሰው ይህ ሥራ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በታኅሣሥ 1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ ከእውነተኛው ታሪካችን ጋር እምብዛም ዝምድና የለውም፤ ቢሆንም ሙዚቃው ሲጀምር ጆሯችን ወዲያው ወደ አይዳ ይሮጣል። ወገን ናታ!

ዛሬ ማታ ግን ያንን ወገንተኝነት ለጥቂት ጊዜ እንድትተዉልኝ እለምናለሁ። ፊት ለፊቷ የቆመችውን ባላንጣዋን እንመልከት። አምኔሪስ ትባላለች፤ የፈርዖን ልጅ ናት፤ አይዳ የምትወደውን የጦር አዛዥ እርሷም ትወደዋለች። አይዳ ሶፕራኖ ናት፣ ከፍተኛው የሴት ድምፅ፤ አምኔሪስ ደግሞ ከእርሷ ዝቅ ያለችው ሜዞ ሶፕራኖ፣ ባጭሩ ሜዞ። የእኔ ወሬ ስለ ሁለተኛዋ ድምፅ ነው፤ በተለይም እንዲህ ያለ ድምፅ በሜዲትራንያን ባሕር ያለችውን ማልታን በምታህል ትንሽ ደሴት ላይ ተወልዶ እንዴት አድጎ መድረክ ላይ እንደሚደርስ።

ለምን ማልታ? አንደኛው ምክንያቴ ትንሽነቷ ነው። የማልታ ደሴቶች ተደምረው 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ብቻዋን ትበልጣቸዋለች። በ2021 ሕዝብ ሲቆጠር 519 ሺህ ሰው ገደማ ተገኘ። ከዚህች ሥፍራ ኦሬስቴ ኪርኮፕ ወጥቶ በ1956 በሆሊውድ ፊልም ላይ መሪ ተዋናይ ሆኖ ዘፈነ፤ ሚርያም ጋውቺ ወጥታ የፑቺኒን «ማዳማ ባተርፍላይ» አስቀረጸች፤ ጆሴፍ ካሌያ ወጥቶ የዘመናችን ስመ ጥር ቴኖር፣ ማለትም ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ዘፋኝ፣ ሆነ። ክሌር ጊጎን የመሰሉ ሜዞ ሶፕራኖዎችም ወጥተዋል። በአንድ ክፍለ ከተማ ልክ ካለ ሕዝብ ይህን ያህል ድምፅ ሲወጣ፣ «ተሰጥኦ ነው» ብሎ ማለፍ ለእኔ ስንፍና ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምክንያቴ ቋንቋቸው ነው። የማልታ ቋንቋ እንደ አማርኛና እንደ ግዕዝ ሴማዊ ነው፤ ከዐረብኛ ተወልዶ፣ በጣልያንኛ ተሞልቶ፣ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ደም «ደም» ነው። ዓይን «አይን» ነው። ልሳን «ኢልሲን» ነው። በሰበካ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የጀመረ የማልታ ሕፃን በአፉ ከሚለምዳቸው ጸሎቶች አንዱ «ስሊም አሊክ ማሪያ» ይላል። ቀስ ብላችሁ ስሙት፤ ሰላም ለኪ ማርያም ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ለድምፅ ያላቸው ቃል ነው። «ለሔን» ይሉታል፤ ሥሩ በዐረብኛ ዜማ ማለት ነው። ሰውየው ተራ ወሬ ሲያወራም ድምፁ በቋንቋው ዜማ ይባላል ማለት ነው። ከዚህ ላይ ብዙ ፍልስፍና መገንባት ይቻል ነበር፤ አልገነባም። እንዲሁ ደስ ስለሚለኝ ነው የነገርኋችሁ።

አሁን ወደ ድምፁ።

ሜዞ በጣልያንኛ መካከለኛ ወይም ግማሽ ማለት ነው። ከሴት ድምፆች ሶፕራኖ ከላይ፣ ኮንትራልቶ ከታች፣ ሜዞ በመካከል። በፒያኖ ብትለኩት፣ ከመሐል ዶ ዝቅ ብላ ካለችው ላ ተነሥቶ ሁለት ኦክታቭ ያህል ወደ ላይ ይሄዳል። ልኬቱ ግን አታላይ ነው። ብዙ ሶፕራኖ የሜዞን ዝቅተኛ ድምፅ ማውጣት ትችላለች፤ ብዙ ሜዞም የሶፕራኖን ከፍታ ለአንድ አፍታ ትነካዋለች። ጥያቄው ድምፁ የት ይደርሳል ሳይሆን የት ይኖራል ነው። ሳይደክመው፣ ሳይጨነቅ፣ ቃሉ ሳይደበዝዝ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥበት ሠፈር የቱ ነው? ጣልያኖች ያንን ሠፈር ቴሲቱራ ይሉታል። አንዲት ልጅ ሠፈሯን ሳታውቅ ዓመታት ልታባክን ትችላለች።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔ በወጣትነቴ በአንድ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ነበርሁ። ቴኖር ጠፋ ተባለና፣ በረጅምነቴ ይሁን በምን እንጃ፣ እኔን ከቴኖር ዝቅ ካሉት የወንድ ድምፆች፣ ከባሪቶኖቹ መካከል አንሥተው ቴኖር አደረጉኝ። ለስምንት ወር ያህል አንገቴን ወደ ላይ ሰቅዬ ጮህሁ። በዘጠነኛው ወር ጠዋት ስነሣ ለእናቴ «እንደምን አደርሽ» ማለት አቃተኝ። ሐኪሙ የድምፅ ጅማቶችህ አብጠዋል፣ ዝም በል አለኝ፤ ሁለት ወር ዝም አልሁ። እናቴ የዚያን ጊዜውን ያህል ቤቱ ሰላም ሆኖ እንደማያውቅ እስከ ዛሬ ትናገራለች።

ሜዞዎች ላይ የሚደርሰው ስሕተት ከዚህ የረቀቀ ነው። ልጅቱ በ18 ዓመቷ ስትመጣ ድምፅዋ ገና ቀላል ነው፤ ሶፕራኖ ይመስላል። መምህሯ ከፍ ወዳለው ይስባታል። ወይም በተቃራኒው፣ ከፍታው ገና ያልተከፈተላት ሶፕራኖ «ሜዞ ነሽ» ተብላ ትቀመጣለች። ሁለቱም በየዓመቱ የሚሆን ነገር ነው። መፍትሔው ያለው ፓሳጆ በሚባለው ቦታ ነው፤ መሻገሪያ እንበለው። ድምፅ ከደረት ወደ ራስ ሲሻገር የሚያልፍበት ድልድይ አለ። ያልሠለጠነ ድምፅ እዚያ ድልድይ ላይ ይሰበራል፤ በዝማሬ መካከል ድንገት ሌላ ሰው የገባ ይመስላችኋል። የሜዞ ሥልጠና ትልቁ ክፍል ይህን ድልድይ ማንም እንዳያየው አድርጎ ማለፍ ነው። በየቀኑ፣ በአምስት ኖታ ልምምድ፣ አፍ ተዘግቶ፣ ከንፈር እየተንቀጠቀጠ፣ «ኡ» እና «ኢ» እየተባለ። ለሚሰማ ጎረቤት ቅጣት ነው።

የመድረኩ ሌላ ግዴታ ደግሞ ማይክሮፎን አለመኖሩ ነው። ከስድሳ በላይ ተጫዋች ባለበት ኦርኬስትራ ላይ የአንዲት ሴት ጉሮሮ ተሻግሮ የመጨረሻው ወንበር ላይ መድረስ አለበት። በጩኸት አይሆንም። የኦርኬስትራው ጉልበት በዝቅተኛውና በመካከለኛው ድምፅ ላይ ይከማችና በሰኮንድ 3,000 ንዝረት ገደማ ሲደርስ ይሳሳል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ እዚያ አካባቢ በጣም ንቁ ነው። የሠለጠነ ዘፋኝ ጉሮሮውንና አፉን አስተካክሎ የድምፁን ጉልበት ወደዚያ ክፍተት ያደላል። ሶፕራኖ በከፍታዋ ከኦርኬስትራው በላይ ስለምትበር ነገሩ ይቀላታል። ሜዞ ግን የምትዘፍነው ቪዮላውና ቀንደ መለከቱ በሚኖሩበት ሠፈር ነው። በገበያ መካከል ቆሞ ሳይጮኹ መሰማት ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለፍታ ምን ሚና ታገኛለች? በሙያው ውስጥ የቆየ ቀልድ አለ፤ ሜዞ ከሦስት አንዷ ናት ይላል፦ ጠንቋይ፣ ባላንጣ፣ ወይም ሱሪ ለባሽ። ጠንቋይ ስትሉ በሌላ የቬርዲ ኦፔራ ውስጥ እንዳለችው ኡልሪካ፤ ባላንጣ ስትሉ እንደ አምኔሪስ። ሱሪ ለባሽ ማለት ደግሞ የጎረምሳ ወንድ ሚና በሴት ሲዘፈን ነው፤ በሞዛርት «የፊጋሮ ጋብቻ» ውስጥ ያለው ኬሩቢኖ ወይም የሪቻርድ ሽትራውስ ኦክታቪያን። ወጣት ሜዞ ብዙውን ጊዜ ሥራ የምትጀምረው በሱሪው ነው። እንደ ወንድ ልጅ መራመድ፣ ሰይፍ መታጠቅ፣ ሴት ሆና ወንድ የሆነች፣ ያ ወንድ ደግሞ ሴት መስሎ ሲለብስ እንደገና ሴት የምትሆን፣ ... ኬሩቢኖ በትክክል ይህን ያደርጋል፤ ለማስረዳት ከመሞከር ማየቱ ይሻላል።

ከዚህ ቀልድ የሚያመልጡ ሁለት ትልልቅ ሚናዎች አሉ። አንዷ የቢዜ ኦፔራ ጀግና ካርመን ናት። ሌላዋ የጣልያናዊው ደራሲ የሮሲኒ «ላ ቼነረንቶላ» ጀግና፣ በአመድ ውስጥ የምታድረው አንጀሊና ናት። ስለ እርሷ አንድ ነገር ልናገር፤ ወደ ማልታም ይመልሰኛል። በማልታ የተወለደ ኒኮላስ ኢዙዋር የሚባል የሙዚቃ ደራሲ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከደሴቱ ወጥቶ ፓሪስ ከተመ። በ1810 ይህንኑ የአመዷን ልጅ ተረት ኦፔራ አድርጎ «ሳንድሪዮን» አለው፤ በጊዜው እጅግ ተወደደለት። ከሰባት ዓመት በኋላ ሮሲኒ የራሱን ሲያዘጋጅ፣ ግጥሙን የጻፈለት ሰው የኢዙዋርን ኦፔራ ጽሑፍ እንደ ምንጭ ተጠቀመበት። እንግዲህ ዛሬ የትኛዋም ሜዞ ሮሲኒን ስትዘፍን፣ ከሥሩ አንድ ማልታዊ የረገጠው መንገድ አለ። ኢዙዋር ተረሳ፤ ሮሲኒ ቀረ። ሁለቱን ሰምቼአለሁ፤ ፍርዱ ተገቢ ነው ብል ማልታዎች ይቅር ይበሉኝ።

የኢዙዋር ሕይወት ሌላም ነገር ያሳያል። ከማልታ መውጣት አዲስ ነገር አይደለም። ከእርሱም በፊት ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ጂሮላሞ አቦስ ወደ ናፖሊ ሄዶ ኖሯል። ደሴቷ ድምፁን ትወልዳለች፤ አታኖረውም። ዓመቱን ሙሉ ለዘፋኞች ደመወዝ የሚከፍል ቋሚ የኦፔራ ቡድን ለግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ከባድ ነው።

ግን እንዴት ትወልደዋለች? እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም መልሱ ከሙዚቃ ትምህርት ቤት በፊት ይጀምራል። በማልታ በየመንደሩ የማርሽ ባንድ ማኅበር አለ። የራሱ ሕንፃ፣ የራሱ ቡና ቤት፣ የራሱ ባንዲራ ያለው፤ ለጠባቂው ቅዱስ በዓል ጎዳና ላይ የሚወጣ። በብዙ መንደር ማኅበሩ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው፤ ሁለቱም አይዋደዱም። ሕፃኑ መሣሪያ በነፃ ይሰጠዋል፣ ኖታ በነፃ ይማራል፣ በምትኩ ማኅበሩን ሳይከዳ ይኖራል።

የዚህ ፉክክር ጫፍ የደረሰው ጎዞ ላይ ነው። ጎዞ ሁለተኛዋ ደሴት ናት፤ ሕዝቧ 40 ሺህ ገደማ ነው። ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ አንድ ትልቅ ጎዳና አላት። በዚያ ጎዳና ላይ በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ የሚራራቁ ሁለት የኦፔራ ቤቶች አሉ። አስትራ የኮከብ ማኅበር ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ይዟል። አውሮራ የአንበሳ ማኅበር ነው፤ የእመቤታችንን ዕርገት የሚያከብረውን ካቴድራል ይዟል። አስትራ በ1968 ተከፈተ፤ አውሮራ በ1976። ሁለቱም በየዓመቱ በጥቅምት ወር ኦፔራ ያሳያሉ። ኮከቡ ቬርዲን ካለ አንበሳው ፑቺኒን ይላል። ዋና ዋና ዘፋኞችን ከውጭ ያስመጣሉ፤ መዘምራኑ ግን የሠፈር ሰው ናቸው፣ አልባሳቱን የሚሰፉት፣ መድረኩን የሚቸነክሩት፣ ቲኬት የሚቆርጡት የማኅበሩ አባላት ናቸው። ፀጉር ቆራጩ ለአንድ ምሽት የግብፅ ካህን ይሆናል። አርባ ሺህ ገደማ ለሆነ ሕዝብ ሁለት ኦፔራ ቤት! ይህን ያመጣው የባህል ሚኒስቴር ዕቅድ አይደለም። «እነዚያ ካደረጉማ እኛ እንዴት እናንሳለን» የሚል እልህ ነው። እኔ ከእልህ ይህን ያህል ጥሩ ነገር ሲወለድ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ጆሴፍ ካሌያ በ1997 ገና የ19 ዓመት ልጅ ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦፔራ ሚና የወጣው እዚያው አስትራ ላይ ነው፤ በቬርዲ «ማክቤት» ማክደፍን ሆኖ። የሠለጠነው በፖል አሺያክ እጅ ነው፤ አሺያክ ራሱ ቴኖር ነበር፤ በውጭ ዘፍኖ ወደ አገሩ የተመለሰ። ይህ የተመለሰ ሰው ነገር ቀላል አይደለም። በትንሽ አገር አንድ በሳል መምህር መኖርና አለመኖር የአንድ ትውልድ ድምፅ ይወስናል። የዜማ ቤት ተማሪ መምህሩ እግር ሥር ዓመታት ተቀምጦ ቃል በቃል፣ ዜማ በዜማ እንደሚቀበል ሁሉ፣ የኦፔራ ድምፅም እስከ ዛሬ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚተላለፈው። በቪዲዮ የሚማሩ አሉ፤ ግን ጉሮሮሽ ተጨነቀ ብሎ እጅሽን የሚይዝ ቪዲዮ የለም።

ስለ ማልታ ዋና ከተማ ስለ ቫሌታ ደግሞ ጥቂት። እዚያ በ1731 የተሠራ ማኖኤል የሚባል ቴአትር አለ፤ እስከ ዛሬ ከሚሠሩ የአውሮፓ ጥንታዊ ቴአትሮች አንዱ ነው። ያሠራው ያኔ ማልታን ይገዙ የነበሩት የቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶች አለቃ ቪልኼና ሲሆን፣ በሩ ላይ በላቲን «ለሕዝብ ጨዋ መዝናኛ» ብሎ አጻፈበት። «ጨዋ» የምትለዋን ቃል ምን አስገደዳቸው ብዬ ሁሌ አስባለሁ። ትንሽ ነው፤ ከስድስት መቶ ብዙ የማይበልጥ ሰው ይይዛል፤ ለወጣት ድምፅ ግን የተባረከ ቦታ ነው፣ ምክንያቱም ሳይጮኹ ይሰማል።

እንግሊዞች ደሴቷን ሲይዙ ትልቅ ኦፔራ ቤት ፈለጉና በ1866 ከፈቱ። ከሰባት ዓመት በኋላ በእሳት ጋየ። ጠግነው እንደገና በጥቅምት 1877 ሲከፍቱት ምን አሳዩ መሰላችሁ? «አይዳ»ን። ኢትዮጵያዊቷ ልዕልት ካይሮ ላይ ከተወለደች ስድስት ዓመት ሳይሞላት ማልታ ደርሳ ነበር፤ ባላንጣዋም አብራ። ያ ቤት በሚያዝያ 1942 በጀርመን አውሮፕላኖች ቦምብ ወደመ። ፍርስራሹ ለሰባ ዓመት ያህል በከተማዋ መግቢያ ላይ ቆየ፤ ሠርተን እንመልሰው፣ አንመልሰው እየተባለ ሁለት ትውልድ ተከራከረ። በ2013 ጣልያናዊው አርክቴክት ሬንዞ ፒያኖ በነደፈው መሠረት ዓምዶቹ እንደ ቆሙ ጣሪያ የሌለው መድረክ ሆነ። ብዙ ማልታውያን እስከ ዛሬ ይናደዱበታል። እኔም እስማማለሁ፤ ነፋስና የመንገድ ጫጫታ ለሜዞ ድምፅ አይራሩም።

እንግዲህ ልጅቱ አድጋለች እንበል። መዝሙሯን ዘምራለች፣ ኖታ ታነባለች፣ የእንግሊዞቹን የሙዚቃ ፈተና ደረጃ በደረጃ አልፋለች፤ ይህ ፈተና በማልታ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ የተለመደ ነው። ሁለት ነገር ሳትከፍል አግኝታለች፦ እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት፣ ጣልያንኛን ደግሞ በባሕር ማዶ ከሚመጣው የጣልያን ቴሌቪዥን። አንድ ትውልድ ሙሉ ጣልያንኛን ከካርቱንና ከዘፈን ውድድር ነው የለመደው። ሌላ አገር ያለ ተማሪ አናባቢዎቹን ለማስተካከል ዓመታት ይፈጅበታል። ለኦፔራ ዘፋኝ ይህ ውርስ ነው።

ከዚህ በኋላ መሄድ ነው። ማልታ በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን መንገዱ ሰፋ፤ በለንደን ኮንሰርቫቶሪዎች (ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች) እንደ አገሬው ተማሪ መክፈል ተቻለ። ብሪታንያ ከኅብረቱ ስትወጣ ያ በር ጠበበ፤ አሁን ክፍያው እንደ ባዕድ ነው። ጣልያንና ጀርመን ግን ክፍት ናቸው። ጀርመን በተለይ፤ 80 ያህል ኦፔራ ቤት አላት፤ ወጣት ዘፋኝ በወር ደመወዝ ተቀጥራ በዓመት ስምንት ዘጠኝ ሚና የምትዘፍንበት ሥርዓት አለ። እዚያ ድምፅ በመደብ ይመደባል፤ መደቡን ፋኽ ይሉታል። ቀላል ሜዞ ሆነሽ ከተቀጠርሽ የከባዷን ሜዞ ሚና አያሸክሙሽም። ጥበቃ ነው፤ እስር ቤትም ሊሆን ይችላል። እንደ አያያዙ ነው።

የዚህን ሙያ የዕለት ኑሮ አላሳምርላችሁም። የድምፅ ፈተና ለመስጠት በርካሽ አውሮፕላን ሦስት አገር መዞር ነው። ሁለት አርያ፣ ማለትም የብቻ ዘፈን፣ አዘጋጅታ ሄዳ አንዱን ገና ሳትጨርስ «እናመሰግናለን» መባል ነው። የዋናዋ ተጠባባቂ ሆና ሦስት ወር የመድረክ ልብስ ሳትለብስ መቀመጥ ነው። ብዙዎች ያስተምራሉ፣ ቢሮ ይሠራሉ። ይህም አያሳፍርም፤ ታላቋ እንግሊዛዊት ሜዞ ጃኔት ቤከር ባንክ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ኮንትራልቶዋ ካትሊን ፌሪየር ስልክ አገናኝ ነበረች።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «ገና ነኝ» ማለት ነው። ይህን ነው ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት። በ25 ዓመቷ ጥሩ ጨለም ያለ ድምፅ ያላት ልጅ ትታያለች፤ ወዲያው አምኔሪስን ዝፈኝ የሚላት ይመጣል። ብሩ ጥሩ ነው፣ ስሙ ትልቅ ነው። አይሆንም ማለት አለባት። ኬሩቢኖን፣ የሮሲኒዎቹን ሮዚናንና አንጀሊናን እየዘፈነች አሥር ዓመት መቆየት አለባት። ቀላሉና ፈጣኑ ሮሲኒ ድምፅን ያፍታታል፤ ከባዱ ቬርዲ ያለ ጊዜው ከመጣ ያደነድነዋል። የደነደነ ድምፅ ተመልሶ አይለሰልስም።

አንድ ሰው ተነሥቶ ሊሞግተኝ ይችላል፤ እኔው ራሴ ልሞግት። በ1872 ሚላን ላይ አምኔሪስን የዘፈነችው ማሪያ ቫልድማን ገና ሠላሳ አልሞላትም ነበር። ቬርዲም እጅግ ወደዳት፤ በሙታን ጸሎቱ «ረኲየም» ውስጥ ከጊዜ በኋላ ለእርሷ ብሎ አዲስ ክፍል ጻፈ። እውነት ነው። እርሷ ግን በ1876 አንድ መስፍን አግብታ መድረኩን ተወች፤ ድምፅዋ በአርባ ዓመቷ ምን ይሆን እንደ ነበር የሰማ የለም። ደግሞም የዚያን ጊዜ መሣሪያዎች እንደ ዛሬዎቹ ጮኾ አስጮኺ አልነበሩም። ስለዚህ ክርክሩን አላሸነፍሁም፤ ግን አልተሸነፍሁም።

አሁን መብራቱን ዝቅ አድርጉልኝ። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች እንስማ። የአይዳ ወዳጅ ራዳሜስ ከነሕይወቱ ሊቀበር ተፈርዶበት መቃብሩ ውስጥ ነው፤ አይዳ ተሸሽጋ ቀድማው ገብታለች። ሁለቱ ከሥር ሆነው ያንን የታወቀ ጣፋጭ ዜማ እየዘፈኑ ይሞታሉ። እናንተ ግን እነርሱን አትስሙ፤ ቃል ገብታችሁልኛል። ከላይ፣ ድንጋዩ ላይ የተንበረከከችውን ጥቁር ለባሽ ስሙ። ካህናቱን ረግማ፣ ለምና፣ ተሸንፋ የመጣች ናት። ከዚህ በፊት ባለው ትዕይንት ከኦርኬስትራው ጋር ስትታገል ቆይታለች፤ አሁን ዜማ እንኳን አልተሰጣትም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጸሎት እንደሚያነብ ሰው፣ «ፓቼ» ትላለች። ሰላም ማለት ነው። ደጋግማ ትለዋለች። ከቫዮሊኖቹ በታች ነው፤ በደንብ ካላዳመጣችሁ ያመልጣችኋል።